«ቲቸር፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ»፦ ስለ ፍልስፍና፣ ስለ እምነትና ስለ መጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐዋሳ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ ከወጣቶች ጋር መጽሐፍ ቅዱስ አነባለሁ። በሥራ ቀን መምህር ነኝ። የምንሰበሰብበት ክፍል በር አጠገብ አንድ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ተቀምጧል። አፍ አውጥቶ መጠየቅ ያፈረ ሰው ጥያቄውን በብጫቂ ወረቀት ጽፎ እዚያ ውስጥ ይከታል። ስም አይጻፍም። በቅርቡ የተጠራቀመውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩት። የእጅ ጽሑፉ ይለያያል፤ ጥያቄው ግን ያው ነው። ስለዚህ የተደጋገሙትን እዚህ ልመልስ። መልሶቹ የእኔ ናቸው፤ የማንም ቤተ ክርስቲያን አቋም ተደርገው አይወሰዱ።

ፍልስፍና ማንበብ ከእምነት አያወጣም ወይ?

አንደኛ የወጣችው ይህቺ ናት። ጠያቂዎቹ ባብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ፍሬሽማን ናቸው። «ሎጂክ» የሚሉትን ኮርስ ይወስዳሉ። ለእረፍት ቤት ሲሄዱ ደግሞ እናት «ልጄ፣ አደራ እንዳትበላሽ» ትላለች።

የእናትየው ስጋት ይገባኛል። በእኛ አማርኛ «አትፈላሰፍብኝ» ስንል «ነገር አታወሳስብብኝ» ማለታችን ነው። ቃሉ ከግሪክ ሲመጣ ግን ትርጉሙ «ጥበብን መውደድ» ነበር። መንገድ ላይ ምን እንደደረሰበት እንጃ።

ሎጂክ ምን እንደሚሠራ በአንድ ምሳሌ ላሳይ። ዝናብ ከዘነበ አስፋልቱ ይረጥባል። አስፋልቱ ረጥቧል። ስለዚህ ዘንቧል? ቀና ብላችሁ እዩ፤ የካፌዋ ልጅ አቧራው እንዳይነሳ በጆግ ውኃ እየረጨች ነው። ከርጥበቱ ተነስቶ «ዘንቧል» ብሎ መደምደም ስህተት ነው። ርጥበት ሌላ ምክንያትም አለውና።

አሁን ይህንኑ ወደ ዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ውሰዱት። ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደ ሰው አዩ። ወዲያው «ማን ኃጢአት ሠራ? እሱ ወይስ ወላጆቹ?» ብለው ጠየቁ። በልባቸው ያለው ሐሳብ ያው የአስፋልቱ ነው፦ ኃጢአት መከራ ያመጣል፤ ይህ ሰው መከራ ላይ ነው፤ ስለዚህ ኃጢአት አለ። ጌታ እሱም አልሠራም፣ ወላጆቹም አልሠሩም አላቸው። ይህንን ምዕራፍ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ። ሰዎቹ የተሳሳቱት የቱ ጋ እንደሆነ በትክክል የገባኝ ግን ሎጂክ ከተማርኩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በየሰፈሩ «እምነት ስለሌለው ነው የታመመው» የሚለውን አነጋገር መስማት ከበደኝ።

ፍልስፍና አንብበው እምነታቸውን የተዉ ሰዎች የሉም አልልም። አሉ። ሳያነቡ የተዉም አሉ። ከቀረብኳቸው መካከል የብዙዎቹ ታሪክ የሚጀምረው «ጠየቅሁ፣ ተቆጡኝ» በሚል ነው።

ጳውሎስ ራሱ «በፍልስፍና ማንም እንዳይማርካችሁ» ብሎ የለም?

ብሏል። ቆላስይስ 2፥8። ግን ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው እናንብበው። «እንደ ሰው ወግ»፣ «ከንቱ መታለል»፣ «እንደ ክርስቶስ ትምህርት ሳይሆን» የሚሉት እዚያው አጠገቡ አሉ። ያስጠነቀቀው የሚማርክና የሚያታልል ትምህርት እንዳይወስዳቸው ነው። ማሰብ ተዉ አላለም።

አንድ የምወዳት ነገር አለች። በግሪኩ አዲስ ኪዳን «ፍልስፍና» የሚለው ቃል ያለው እዚህ ቦታ ብቻ ነው። «ፈላስፎች» የሚለውም አንድ ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ ሐዋርያት ሥራ 17 ላይ። እዚያ ደግሞ ያው ጳውሎስ አቴና ከተማ ቆሞ ከኤፊቆሮስና ከኢስጦኢኮች ወገን ከሆኑ ፈላስፎች ጋር ይነጋገራል። አልሸሸም። እንዲያውም «ከባለ ቅኔዎቻችሁ አንዳንዶች እንዳሉት» ብሎ የእነሱን ግጥም ይጠቅስላቸዋል። ግጥም ለመጥቀስ መጀመሪያ ማንበብ አለ። ስለዚህ ቆላስይስ 2ን የጠቀሰልኝን ሰው ሐዋርያት ሥራ 17ንም አብረን እንድናነብ እጋብዘዋለሁ። ብዙ ጊዜ ቡናው ሳይበርድ እንስማማለን።

የእኛ አገር ፍልስፍናስ? ፈላስፋው ዘርዓ ያዕቆብ እውነት ነው?

ፈረንጅ ብቻ የሚያስብ ይመስል ሁልጊዜ ከሶቅራጥስ መጀመር ደስ አይለኝም። በ16ኛው መቶ ዘመን ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ የተመለሰ የፈላስፎች አባባል ስብስብ አለን፤ «መጽሐፈ ፈላስፋ» ይባላል። ስለዚህ ፍልስፍና የሚለው ቃል ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም።

ዘርዓ ያዕቆብ ላይ ግን ክርክር አለ። «ሐተታ» የሚባለው ድርሰት እንደሚለው ጸሐፊው አክሱም አካባቢ በ1599 እ.ኤ.አ. ተወለደ። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በተቀበሉበት ዘመን ሸሽቶ ተከዜ አጠገብ ዋሻ ገባ። ሁለት ዓመት ያህል እዚያ ኖረ። በኋላም እንፍራዝ ገብቶ አስተማረ፤ በ1667 ሐተታውን ጻፈ። በሌላ በኩል ጽሑፉ ለሊቃውንት የደረሰው በ19ኛው መቶ ዘመን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በሚባል ጣሊያናዊ ሚሲዮናዊ እጅ ነው። ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ምሁር በ1920 እ.ኤ.አ. «ሚሲዮናዊው ራሱ የፈጠረው ነው» አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ የኖሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ብዙ ጻፉ። ክርክሩ ዛሬም አላበቃም።

እኔ ለክፍሌ «ማንም ይጻፈው፣ ዋሻው ውስጥ ያለውን ሰውዬ ተመልከቱ» እላለሁ። ሲሸሽ የያዘው ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊት ነው። «የሃይማኖት ሰዎች እርስ በርስ ሲካሰሱ ማን ይዳኛል?» ብሎ ይጠይቃል። ከጠየቀ በኋላ ደግሞ ይጸልያል። ድምዳሜዎቹን ሁሉ አልቀበልም፤ በተለይ ስለ ጾም የሚለውን አያቴ ብትሰማ ኖሮ ቤት አታስገባውም ነበር። ዳዊቱን ይዞ መጠየቁን ግን እወድለታለሁ።

አንድ ጥቅስ ወስጄ ብጸልይበት ምን ችግር አለው?

ምንም። ጸልይበት። ችግሩ የሚመጣው ከጥቅሱ በፊትና በኋላ ያለውን ሳታነብ «ይህ ለእኔ የተባለ ነው» ብለህ ቀን የቆረጥክለት ጊዜ ነው።

ከመናኸሪያ ወደ ፒያሳ በባጃጅ ስሄድ ከሾፌሩ ራስ በላይ ኤርምያስ 29፥11 ተለጥፎ አየሁ። «ፍጻሜና ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ…» የሚለው። ስቲከሩ በአንድ ጎኑ ተልጦ ግማሹ የለም። የቀረችው «ተስፋ እሰጣችሁ ዘንድ የሰላም» የምትለው ብቻ ናት። ሾፌሩን «ወንድሜ፣ ይህ ለማን የተጻፈ ነው?» አልኩት። «ለእኔ ነዋ!» አለኝና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ እስክንደርስ ድረስ አወራን።

ምዕራፍ 29 ደብዳቤ ነው። ኤርምያስ ከኢየሩሳሌም ተማርከው ባቢሎን ለተወሰዱ ሰዎች የላከው ነው። ከእሱ በፊት ምዕራፍ 28 ላይ ሐናንያ የሚባል ነቢይ አለ። ሐናንያ በሕዝቡ ፊት ቆሞ «በሁለት ዓመት ውስጥ ሁሉም ይመለሳል» ብሎ ተነበየ። ማን ይጠላል? እልል ነው። ኤርምያስ ግን ውሸት ነው አለ። ከዚያ በደብዳቤው ምን ጻፈላቸው? ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ የማረካችሁን ከተማ ሰላም ፈልጉ፣ ጸልዩላትም። ቁጥር 10 ላይ 70 ዓመት ይላል። 70! ቁጥር 11 የምትመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ደብዳቤው ሲነበብ የ40 ዓመት ሰው የነበረ አገሩን አያይም። ተስፋው ለልጅ ልጆቹ ነው። እሱ የሚያገኘው ችግኝ መትከል ነው። ጥቅሱ በዚህ ምክንያት ይቀንሳል? ለእኔ ጨመረ። ሾፌሩ ግን ትንሽ ዝም አለና «እና ቲቸር፣ የባጃጇ ዕዳ እስከ 70 ዓመት ነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ሒሳቤን ከፍዬ ወረድኩ።

አንድ ነገር ልጨምር። የምዕራፍና የቁጥር ክፍፍሉን ነቢያቱና ሐዋርያቱ አላወቁትም። ዛሬ የምንጠቀምባቸው ምዕራፎች በ13ኛው መቶ ዘመን፣ ቁጥሮቹ ደግሞ በአሁኑ መልካቸው በ16ኛው መቶ ዘመን አውሮፓ ውስጥ የተደረጉ ናቸው። ለመፈለግ ይመቻሉ። ለመቁረጥ ግን በጣም ይመቻሉ። መዝሙረ ዳዊት ውስጥ «አምላክ የለም» የሚል ቃል አለ። ቁጥሩን ከግማሹ ከጀመርክ መጽሐፍ ቅዱስን ከሃዲ ታደርገዋለህ። ሙሉው «ሰነፍ በልቡ አምላክ የለም ይላል» ነው።

እንዲያው ለምን «ሰነፍ» ይለዋል? የማያምን ሰው ሰነፍ ነው?

ይህ ወረቀት አንድ ብቻ ነበር፤ ከሁሉም ግን እሱን ወደድኩት። ጓደኛው እምነት የሌለው፣ ግን ክፍል ውስጥ አንደኛ የሚወጣ ልጅ መሆኑን ጽፏል። «እንዴት ሰነፍ ይባላል?» ይላል።

ነገሩ የአማርኛችን ነው። ዛሬ ሰነፍ ስንል የማይሠራ፣ የማያጠና ማለታችን ነው። በመጽሐፉ አማርኛ ግን ሰነፍ የጠቢብ ተቃራኒ ነው፤ ሞኝ፣ ልበ ቢስ እንደማለት። ያውም ዕብራይስጡ ላይ ቃሉ ከዕውቀት ይልቅ ወደ ምግባር ያደላል። እዚያው መዝሙር ላይ ቀጥሎ የሚያነሳው ሥራቸውን ነው፤ ሕዝብን እንደ እንጀራ መብላታቸውን። ፈተና ላይ ስንት እንዳመጡ ጉዳዩ አይደለም።

ከዚህ የባሰችው «ባልንጀራ» ናት። «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» ሲባል የዛሬ ልጅ የሚሰማው «ጓደኛህን ውደድ» የሚል ነው። ጓደኛን መውደድማ ማን ያቅተዋል? እዚያ ግን ባልንጀራ ማለት ከጎንህ ያለ ሌላ ሰው ነው፤ ብትመርጠውም ባትመርጠውም። ሉቃስ 10 ላይ ሕግ አዋቂው «ባልንጀራዬስ ማን ነው?» ብሎ የጠየቀው ድንበሩን ለማወቅ ነበር። የተሰጠው መልስ የሳምራዊው ታሪክ ነው። ይህንን ለክፍሉ ሳስረዳ ከኋላ አንዷ «እንዴ! ይህማ ከበደ» አለች። ትርጉሙ ገብቷታል።

የትኛውን ትርጉም ላንብብ? 66 ነው 81?

ያለህን አንብብ። በ1954 ዓ.ም. የታተመው አማርኛ ያማረና የከበደ ነው፤ ብዙዎቻችን በቃላችን የያዝነው እሱን ነው። አዲሱ መደበኛ ትርጉም ለመረዳት ይቀላል። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን እዘረጋለሁ። በሚለያዩበት ቦታ ላይ ጣቴን አስቀምጬ «እዚህ ጋ ተርጓሚዎቹ ለምን ተለያዩ?» እላለሁ። አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሙሉው የታተመው በ1840 እ.ኤ.አ. ነው፤ የመጀመሪያውን የደከሙበት ካይሮ የተቀመጡ አቡ ሩሚ የሚባሉ የእኛው መነኩሴ ናቸው። ስማቸውን የሚያውቅ አማኝ ጥቂት መሆኑ ያናድደኛል።

ስለ መጻሕፍቱ ቁጥር፦ ፕሮቴስታንቱ 66፣ ካቶሊኩ 73፣ ኦርቶዶክሱ 81 ይላል። እኔ ያደግሁት በ66ቱ ነው። ሆኖም የይሁዳ መልእክት ቁጥር 14 ሄኖክን ይጠቅሳል፤ መጽሐፈ ሄኖክ ደግሞ ሙሉውን ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ነው። እንግዲህ ዓለም ሊያነበው ወደ እኛ ሲመጣ እኛ አለማንበባችን ምን ይሉታል?

የመዝሙር ቁጥርም ያጣላል። አንድ ቅዳሜ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለውን አውጡ አልኩ። አንዱ «22» አለ፣ አንዷ «23» አለች፤ ሁለቱም መጽሐፋቸውን ከፍ አድርገው አሳዩ። ሁለቱም ልክ ናቸው። የግሪኩን የሚከተለው 9ኛውንና 10ኛውን አንድ አድርጎ ይቆጥራል፤ ዕብራይስጡ ይለያቸዋል። እረኛው ያው ነው።

አንድምታ ምንድን ነው? ጴንጤ ሆኖ ማንበብ ይቻላል?

ማን ይከለክልሃል?

አንድምታ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የትርጓሜ ስልት ነው። መጀመሪያ የግዕዙ ንባብ ይመጣል። ቀጥሎ ነጠላ ትርጉሙ በአማርኛ። ከዚያ «አንድም» እያለ ሌላውን መንገድ ይከፍታል። አንድም እንዲህ ነው፣ አንድም እንዲያ ነው። የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉ ወገኖች ሲለያዩም ልዩነታቸው አብሮ ይነገራል፤ አይደበቅም።

ይህንን ለልጆቹ ሳሳያቸው ዓይናቸው ይፈጥጣል። አንድ ጥቅስ አንድ ትርጉም ብቻ ካልሆነ ሁሉም ነገር የሚፈርስ መስሏቸው ነበር። ሊቃውንቱ ግን «አንድም» እያሉ ይህን ሁሉ ዘመን ኖሩ፤ አልፈረሱም። ደግሞ እንደፈለጉ የሚባል ነገር አይደለም። የብሉዩ መምህር፣ የሐዲሱ መምህር ለማለት ስንት ዓመት መቀመጥ እንዳለ የቆሎ ተማሪን ጠይቁ። እኛ በሦስት ደቂቃ ቪዲዮ እንጨርሰዋለን።

ጥርጣሬ ገብቶኛል። ኃጢአት ነው?

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። በአንድ የወጣቶች ፕሮግራም ላይ እጄን አውጥቼ «እግዚአብሔር የፈርዖንን ልብ ራሱ ካደነደነው፣ ለምን ቀጣው?» አልኩ። መሪው ትንሽ አየኝና «ይህ የጥያቄ መንፈስ ነው» አለ። ሁለት ሰው ጠርቶ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው ጸለዩልኝ። በላብ ተጠመቅሁ። ጥያቄው ግን አልወጣም።

ከዓመታት በኋላ ዘፀአትን ሁለት እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩበት። «እግዚአብሔር አደነደነ» የሚለውን በቀይ፣ «ፈርዖን ልቡን አደነደነ» ወይም «ልቡ ደነደነ» የሚለውን በሰማያዊ አሰመርኩ። የመጀመሪያዎቹ አምስት መቅሠፍቶች ላይ ፈርዖን የሚያደርገውን ሲተርክ ሁሉም ሰማያዊ ነው። እግዚአብሔር ልቡን እንዳደነደነ የሚተርከው ስድስተኛው ላይ ነው፤ 9፥12። በእርግጥ ገና በምዕራፍ 4 «ልቡን አደነድናለሁ» የሚል ቀይ አለ፤ ስለዚህ ጥያቄው ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም። ቢሆንም ገጹ ላይ ያሉት ቀለሞች ከዚያ ቀን ጸሎት ይልቅ ብዙ ነገር ነገሩኝ።

ማርቆስ 9 ላይ የታመመ ልጅ አባት «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ይላል። በአንድ ትንፋሽ ሁለቱንም። ልጁም ተፈወሰለት።

እግዚአብሔር ካለ ይህ ሁሉ ክፋት ለምን?

ፈላስፎች ከኤፊቆሮስ ዘመን ጀምረው ተከራክረውበታል። ክፍል ውስጥ ከሆንን እንከራከር፤ የነጻ ፈቃዱን መልስ አመጣለሁ፣ ደካማ ጎኑንም አሳያለሁ።

ለቅሶ ቤት ከሆንን ግን አፌን እይዛለሁ። አንድ ጊዜ ድንኳን ውስጥ ልጇን የቀበረች እናት አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አንድ ሰው መጥቶ «ፈጣሪ ለበጎ ነው» አላት። ሴትየዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። እስከ ማታ አላወረደችውም። የኢዮብ ወዳጆችም መጀመሪያ ጥሩ ነበሩ፤ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ አብረውት ዝም ብለው ተቀመጡ። የተበላሸው ማስረዳት ሲጀምሩ ነው። መጨረሻ ላይም እግዚአብሔር የተቆጣው በእነሱ ላይ ነው እንጂ ሲጮህበት በነበረው በኢዮብ ላይ አይደለም።

ቲክቶክ ላይ የሃይማኖት ክርክር ልግባ?

አልመክርህም። መግባትህ ካልቀረ አንድ ሕግ ያዝ፦ የሌላውን ሰው ሐሳብ እሱ ራሱ «አዎ፣ እንደዚህ ነው የምለው» እስኪል ድረስ አስቀድመህ ተናገርለት። ላይቭ ላይ ይህንን ያደረገ ሰው አላየሁም።

ሳይንስና ዘፍጥረትስ ይጋጫሉ?

ዘፍጥረት 1 ላይ ፀሐይ የምትፈጠረው በአራተኛው ቀን ነው። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ «ማታም ሆነ ጥዋትም ሆነ» ይላል። ጸሐፊው ይህ ያልታየው ይመስልሃል? ከዚያ ጀምር፤ ሌላውን ቅዳሜ እናወራለን።

ስልክ ላይ ማንበብ ይቻላል?

ይቻላል። ዳታውን አጥፋው።

ጀማሪ ነኝ፤ ከምን ልነሳ?

ከማርቆስ ወንጌል። አጭር ነው። በአንድ ቁጭታ ከዳር እስከ ዳር አንብበው፤ ሁለት ሰዓት አይፈጅም። ስታነብ እርሳስ ያዝ፤ ያልገባህ ቦታ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርግ። ስብከት አትፈልግ፣ ማብራሪያ አትክፈት። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባም ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን እያነበበ፣ ስላልገባው ነው ፊልጶስ እንዲቀመጥ የጋበዘው። ንባቡ ቀደመ።

እኛ የምንገናኘው ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። ሲሞቅ ወደ ፍቅር ሐይቅ ወርደን ዛፍ ሥር እንቀመጣለን፤ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ብዙም አይረብሹም። ደብተር ይዛችሁ ኑ። የየትኛውም ቤተ እምነት ሰው ይመጣል፤ የሌለውም ይመጣል።

ቲቸር፣ አንተስ ትጠራጠራለህ?

ይህቺ ወረቀት ቆርቆሮው ግርጌ ላይ ተጣብቃ ነው ያገኘኋት። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ከደብተር ጥግ የተቀደደች።

አዎ። ወንድሜ የሞተ ጊዜ ለወራት መጸለይ አልቻልኩም። በመዝሙር ውስጥ አንድ ያለ ማጽናኛ የሚያልቅ አለ፤ 88ኛው፣ ወይም 87ኛው፣ እንደ መጽሐፋችሁ። የምችለው እሱን ማንበብ ብቻ ስለነበር እሱን አነበብኩ። ቅዳሜዎቹንም አልተውኩም፤ ግን አላስተማርኩም። ልጆቹ በየተራ ያነቡ ነበር፤ እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ እሰማ ነበር። አንድ ቀን አንዷ አንብባ ስትጨርስ ዞር ብላ «ቲቸር፣ እዚህ ጋ አልገባኝም» አለችኝ። «የቱ ጋ?» አልኳት፤ ወንበሬን ወደ እሷ ሳብኩ።